ዋስ አልፈልግም ያለው ሰው

የአባቴ በቅሎ የጠፋችበት ዓመት የኔም ድምፅ መጎርነን የጀመረበት ዓመት ነው። ዓመተ ምሕረቱን አላውቀውም። ጣልያን ገና አልመጣም። አዳማም ያኔ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ብዙ የሣር ጎጆዎች በሐዲዱ ግራና ቀኝ የተበተኑባት፣ ነፋሷ ከጧት እስከ ማታ አቧራ የሚያዞርባት ትንሽ ቦታ ነበረች። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ጀምሬ ነው ያቆምኩት። ስለዚህ ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል ይቅር በሉኝ። የምጽፈው እንጀራዬን እንዴት እንደምበላ ስላስተማረኝ ሰው ነው። ምስጋናዬን በአፍ ሳልነግረው ቀረሁ፤ ዕድሜዬም እየገፋ ነውና ቢያንስ በወረቀት ላስቀምጠው።

አባቴ ከመንዝ ወርዶ አዳማ የከተመ ሰው ነው። ከገጠር እህል እየገዛ ጣቢያው ድረስ ያመጣ ነበር። እናቴ ደግሞ የአዋሽ ማዶ ኦሮሞ ናት። ቤታችን ውስጥ ቁጣው በአማርኛ፣ ማባበሉ በኦሮምኛ ነበር። በቅሎዋ የአባቴ ኩራት ናት። እሷ ላይ ሲወጣ ድህነቱን ይረሳዋል። አንድ ጧት ቢነሳ ገመዱ አለ፣ በቅሎዋ የለችም።

በዚያ ዘመን ነገር ሲጠፋ ሌባውን የሚያወጣው አገሬው ነው። የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አውጫጭኝ ይባላል። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹም ተነስተው “ወፍ ነገረን” ብለው ስም ይጠራሉ። ወፉ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው። ደግ ሥርዓት ነበር ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም እውነተኛውን ሌባ ያወጣ ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ጤፍ የሚታጨድበት ወቅት ነበር። እኔ ለአባቴ ውሃ ይዤ ሄጄ ከሰዎቹ ኋላ ተቀምጬ ነበርና የሚሉትን ሰምቻለሁ።

“ጤፌ ሊረግፍ ነው” ይላል አንዱ።

“ያንተ ሊረግፍ ነው፤ የኔማ ረግፏል።”

“ታዲያ የሚያውቅ ይናገራ።”

“አንተ ተናገር።”

“እኔ በቅሎዋን አይቻትም አላውቅ።”

“እንዴት አታውቃት፤ ሰውየው ጧት ማታ በደጅህ ሲሰግርባት?”

ሳቁ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን በዝቋላ በኩል ደመና ጠቆረ። የታጨደ ጤፍ ሜዳ ላይ የተኛበት ሰው ደመና ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሳቁም ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌዎቹ ተነሱና “ወፍ ነገረን” አሉ። የተጠራው የጣቢያው ጆንያ ተሸካሚ ነው።

ሰው ሁሉ ነጠላውን አራግፎ ወደ ጤፉ ሮጠ። የደነቀው አንድም ሰው አላየሁም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ሜዳ ላይ ከነበረው ሰው ሁሉ ወንድም፣ አማች ወይም የአጎት ልጅ የሌለው እሱ ብቻ ነበር። እሱን ቢጠሩት የሚቀየም ዘመድ የለም።

ሰውየው ከሩቅ ምዕራብ በልጅነቱ ተይዞ የመጣ ነው። ያደገው በኮረብታው በኩል መሬት ባላቸው አንድ ባላባት ቤት ነው፤ በባርነት። ባላባቱ ሊሞቱ ሲሉ በነፍስ አባታቸው ፊት “ነጻ ነህ” አሉት። ነፍስ አባቱም ብዙ ሳይቆዩ ተከትለዋቸው ሄዱ። እንግዲህ ነጻነቱን የሚያውቁት ሁለቱም መቃብር ገቡ። የባላባቱ ልጅ “አባቴ እንዲህ አላሉም” እያለ ይከራከር ጀመር፤ ሰውየው ግን ከዚያ ቤት ወጥቶ ጣቢያው ላይ የጨው ጆንያ እየተሸከመ መኖር ከጀመረ ሰንብቷል። ጥቁር ነው ይሉታል። ከእናቴ ያን ያህል ይጠቁር እንደነበር እንጃ።

ዳኛው የሚያስችሉት ከጣቢያው በላይ ባለው ትልቅ ግራር ሥር ነበር። ሰውየውን አቁመው፦

“ዋስ ጥራ” አሉት።

ዋስ ያለው ሰው እስከ ፍርዱ ቀን በቤቱ ይኖራል። ዋስ የሌለው ግን ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል፤ ይኸውም የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ሰውየው ዙሪያውን አየ። ጨው ያወረደላቸው ነጋዴዎች አሉ፤ መሬት መሬት ያያሉ። ይሄኔ የባላባቱ ልጅ ካባውን አስተካክሎ ወደፊት ወጣ።

“እኔ ዋስ እሆነዋለሁ፤ የቤታችን ሰው ነው።”

“ዋስ አገኘህ” አሉት ዳኛው።

“አልፈልግም ጌታዬ። ከከሳሼ ጋር ልቆራኝ።”

“ምን ሆነሃል? ሰው ዋስ ሲያገኝ እግዜር ይስጥልኝ ይላል።”

“የሳቸው ዋስነት በር አለው ጌታዬ። ከገባሁ የሚዘጋ።”

ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። አባቴ ያን ዕለት ወባ ጀምሮት ከግራሩ ሥር እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ መቆም አልቻለም። ዳኛው አይተውት “ልጅህ ይቆራኝልህ” አሉ። እንዲህ ሆኖ የኔ ነጠላ ከሰውየው ጋቢ ጋር ተቋጠረ። ሲቋጥሩን ጎንበስ ብሎ፦

“ጎረምሳው፣ ሰፋ አድርገህ አትራመድ፤ ሁለታችንም እንወድቃለን” አለኝ።

ማታ እቤት ስንገባ እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። “አካም ኦልተን” አለች፤ ለሽማግሌ በሚባለው የአክብሮት ሰላምታ። እሱም በኦሮምኛ መለሰላት። አባቴ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ አየን። እኔ እራት ላይ “ጋሼ፣ ወጡን ሳብ ያርጉት” ስለው ግን አላስቻለውም።

“ባሪያ ነው ደግሞ ጋሼ የሚባለው?”

“ታዲያ በስንት የሚበልጠውን ምን ይበለው?” አለች እናቴ።

“በቅሎዬን የሰረቀ ነው።”

“እንግዲያው ጋሼ ሌባው ይበለው።”

ሰውየው ጉርሻው አነቀው። እያሳለ ሳቀ፤ አባቴም ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እየሳቀ ይሁን እየተቆጣ አላወቅሁም።

በማግስቱ ሥራ አለብኝ አለኝ። ሥራ ያለው ሰው ጋር የተቋጠረ ሰው ሥራ አለበትና አብሬው ጣቢያ ወረድኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጎኑ እየተጎተትኩ ብቻ ዋልኩ። የመንደሩ ልጆች “ባሪያና ጌታው መጡ” እያሉ ይከተሉናል። እሱ ዞር ይልና “ጌታው ይሄ አጭሩ ነው፤ ለሱ እጅ ንሱ” ይላቸዋል። እኔ በእፍረት ልሞት ደረስኩ። ኋላ እሱ ካልተናደደ እኔ ለምን እናደዳለሁ ብዬ ተውኩት። ኋላ ደግሞ መናደዱን አወቅሁ፤ ሲናደድ አንገቱ ላይ አንድ ሥር ይቆማል፤ ፊቱ ግን ይስቃል።

ከጨው ጆንያ ጋር ያስተዋወቀኝ እሱ ነው። አስቸጋሪው መሸከሙ አይደለም፣ ማንሳቱ ነው አለኝ። በክንድ የሚያነሳ ሰው በሳምንት ይታመማል፤ በወገብ የሚያነሳ በዓመት ይጎብጣል። ቁጭ ብለህ፣ ጆንያውን ጀርባህ ላይ አስደግፈህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ በጉልበትህ ትነሳለህ። ከተነሳህ በኋላ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ ትለቃለህ እንጂ ባንዴ አትተነፍስም። ሊነሳ ሲል አንድ ቃል ይላል፤ አማርኛም ኦሮምኛም ያልሆነ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት።

“እናቴ የምትለው ነው።”

“ምን ማለት ነው?”

“እንጃ። ስወሰድ ትንሽ ነበርኩ፤ ትርጉሙ መንገድ ላይ ቀረ። ድምፁ ግን እስካሁን ጆንያ ያነሳል።”

ከዚያ በኋላ እስከ ሽምግልናዬ ድረስ በጣቢያው በተሸካሚነት ኖሬያለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ነው። አብረውኝ የጀመሩት ጎብጠው ሲያልፉ እኔ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ሐኪሙ ወገቤን አይቶ ገርሞታል። እኔ ግን አይገርመኝም፤ ያስተማረኝን አውቀዋለሁ።

የአባቴ ወባ ሲለቀው፣ አጨዳው ሲያልቅ፣ አንድ ማታ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከአዋሽ ማዶ መጣ። ራት በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ነገሩን አወጣው። በቅሎዋ እነሱ ዘንድ ናት። ገመዷን አውልቃ አዋሽን በመሻገሪያው ተሻግራ ከከብቶች ጋር ስትግጥ እረኞች አግኝተው፣ ባለቤቷ ይመጣል ብለው ጠብቀዋታል። አጎቴ ጆሮዋ ላይ ባለው ቁርጥ ነው ያወቃት።

ሰውየው አጠገቤ ነው፤ ሁሉንም ሰማ። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ።

“ነገ ጧት ዳኛው ዘንድ እሄዳለሁ” አለ። “ክሴን አነሳለሁ።”

ይሄኔ እናቴ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። “ክሱ ሲነሳ ማን ደጅ ላይ እንደቆመ ታውቃለህ?” አለችው።

ሁላችንም እናውቃለን። የባላባቱ ልጅ በየችሎቱ ቀን እየመጣ ዳር ላይ ይቆማል። በቁራኛ ያለን ሰው ሌላ ሰው በሌላ ነገር ሊይዘው አይችልም፤ ፊተኛው ነገር ማለቅ አለበት። ስለዚህ እዚያ ቆሞ የአባቴ ክስ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

አባቴ ከመደቡ ላይ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜም ሰውየውን እንደ ሰው ጠየቀው።

“አንተ ምን ትላለህ?”

“እርስዎ ካልከበደዎት፣ ትንሽ ልክሰስ” አለ።

እንዲህ ሆኖ አባቴ የማይፈልገው ክስ ባለቤት ሆነ። እቤት ስንገባ ቋጠሮውን እንፈታለን፤ ስንወጣ እንቋጥራለን። በችሎት ቀን አባቴ ይነሳና “ጌታዬ፣ ምስክሬ ታሟል” ይላል። ሌላ ጊዜ “ምስክሬ ሐዘን ደርሶበት አገሩ ሄዷል” ይላል። ዳኛው አንድ ቀን “ሰውዬ፣ ይሄ ምስክርህ ምን ያልደረሰበት መከራ አለ?” ብለው ሲጠይቁት ሕዝቡ ሁሉ ፈነዳ። አባቴም ሳቀ። መዋሸት የማይችል ሰው ነበር፤ ለዚያ ሰው ሲል ግን ተለማመደው። በመሃል ደግሞ የቤታችን ነገር ተለወጠ። አባቴ ማታ ማታ ስለ መንዝ ብርድ ያወራለታል፤ እሱ ደግሞ ጣቢያው ላይ ያየውን እየቀዳ ያስቀዋል። እናቴ “ወንድሜ” ትለው ጀመር። በሕይወቴ ቤታችን እንደዚያ ሰሞን ሞቆ አያውቅም።

እሱ ግን እያደር ዝም እያለ ሄደ። አንድ የገበያ ቀን ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ አለፍን። ብዙ ጊዜ እንስራዋን እስከ ደጃፏ በነጻ ያደረሰላት ሴት ናት። ሲጠጋ ቅሏን በነጠላዋ ሸፈነችና ወደ ጉያዋ ሳበችው። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ቆመ፤ ያን ቀን ፊቱም አልሳቀም።

ከራት በኋላ አባቴን፦

“ስሜን ይመልሱልኝ” አለው።

“የምን ስም?”

“እርስዎ ቤት ሰጡኝ፤ እግዜር ያክብርልኝ። ስሜ ግን ውጭ እያደረ ነው።”

“ነገሩ ካለቀ ይወስዱሃል።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ከወሰዱኝም ሌባ ሳልባል ይውሰዱኝ።”

አባቴ ሊለምነው ሞከረ። እናቴም አለቀሰች። እኔ ተቆጣሁት፤ ከኛ ጋር መኖር ሰለቸው ብዬ። እሱ ግን የወሰነውን የወሰነ ሰው ነው፤ ቁጭ ብሎ ጋቢውን በመርፌ ይጠቅም ነበር።

በችሎቱ ቀን አጎቴ በቅሎዋን እየሳበ መጣ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ዳኛው አንዴ በቅሎዋን፣ አንዴ አባቴን አዩ።

“ያንተ ናት?”

“የኔ ናት ጌታዬ።”

“መቼ ተገኘች?”

“ቆይታለች።”

ዳኛው ይቀጡት እንደሆነ ስንጠብቅ አባቴ ማንም ሳያዘው ወደ ግራሩ ግንድ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ አደረገ። የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲያ ነው። ነገር ግን እንዲያ የሚደረገው ለእኩያ ነው፤ ለታላቅ ነው። በአዳማ ባሪያ ነው ለተባለ ሰው ድንጋይ የተሸከመ ከዚያ በፊት አልታየም። ከኋላዬ አንዱ “ኧረ ነውር ነው፣ ያዙት” ሲል ሰማሁ። አባቴ ከሰውየው እግር ሥር ተንበረከከ።

ሰውየው ቶሎ ብሎ ጎነበሰና ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሳለት። “ይቅር ለእግዜር” አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እኛ ብቻ እንድንሰማ፣ “ጌታዬ፣ በወገብዎ ነው ያነሱት” አለው።

ዳኛው “ሰውየው ከስርቆት ንጹሕ ነው” ብለው ፈረዱ። ቅቤ ሻጯም ከሕዝቡ ውስጥ ነበረች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጤፋቸውን ያተረፉት ሰዎችም ነበሩ። ወፉም ከመካከላቸው ይኖራል።

ፍርዱ ገና ካፍ ሳይወጣ የባላባቱ ልጅ “በሕግ አምላክ፤ ይህ ሰው ያባቴ ቤት ባሪያ ነው፣ ይመለስልኝ” ብሎ ቆመ። ዳኛው ተነፈሱ። አዲስ ክስ ነው፤ ቀጠሮ ሰጡ። ወደ ሰውየው ዞረውም፦

“ዋስ ጥራ” አሉት።

አባቴ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር ሳያራግፍ ዘሎ ተነሳ። “እኔ ዋሱ ነኝ።”

“አልፈልግም” አለ ሰውየው።

አባቴ ያልሰማ መስሎት ደገመው። “እኔ ነኝ እኮ። እኔ ዋስ እሆንሃለሁ።”

“አልፈልግም ጌታዬ። ይቀመጡ።”

የአባቴን ፊት አልረሳውም። ድንጋይ ተሸክሞ ያላፈረ ሰው ያኔ አፈረ። ሰውየውን ከባላባቱ ልጅ አሽከር ጋር ቆራኙት። ሲሄድ አጠገቤ ቆም ብሎ “ጉልበትህን አትርሳ” አለኝ። እኔ አኩርፌ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ እስከ ቤት ድረስ በቅሎዋን እየሳበ በእግሩ ሄደ፤ አልወጣባትም። “ቂም ይዟል” አለ እቤት ስንደርስ። “ይገባዋል። ቂም ቢይዝ ይገባዋል።” እናቴ በቅሎዋን ተቀብላ አሰረቻት።

ቀጠሮው ሳይደርስ የባላባቱ ልጅ ከሁለት ዘበኞች ጋር ደጃችን መጣ። ሰውየው ጠፍቷል። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ባቡር ሲንቀሳቀስ ከአሽከሩ አምልጦ ጨው ባወረዱበት ፉርጎ ላይ ወጥቷል። ጎተራችንን ከፈቱ፤ አልጋ ሥር አዩ። እናቴ በሩን ይዛ “በቅሎዋንም እዩ፤ ከሆዷ ገብቶ እንዳይሆን” አለቻቸው። የባላባቱ ልጅ በንዴት አባቴ ፊት ቆመ።

“ዋስ ቢኖረው ኖሮ” አለ፣ “ዛሬ የማስረው ዋሱን ነበር። ቤቱንም፣ በቅሎውንም እወስድ ነበር።”

ይህን ብሎ ሄደ። አባቴ በሩ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

“ሰማሽው?” አላት እናቴን።

“ሰማሁት።”

“እያወቀ ነው እኮ። እኔን ሊያድን ነው።” ቀጥሎም “በሰው ሁሉ ፊት አሳፍሮ አዳነኝ” አለ። በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ እንደገና ጠረገ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማንም በትክክል አያውቅም። ከባቡር ወራጆች አንዱ በረሃው ውስጥ ዘበኞች የተኮሱበት ሰው ነበር ይል ነበር። ሌላው ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ጆንያ ሲሸከም አየሁት፣ ሚስትም አግብቷል አለ። አባቴ ለሁለቱም ጠላ ቀድቶላቸዋል፤ ያመነው ግን የኋለኛውን ነው። ጎረቤት “ቢያንስ ተዝካሩን አውጡለት፤ ሰው የለውም” ሲል ተቆጣ። “ሰው የለውም ያለው ማነው?” አለ።

በየዓመቱ ለጸሎት ስም ስንሰጥ አባቴ የሱንም ክርስትና ስም ይጠራ ነበር። ቄሱ “ከሙታን ነው ከሕያዋን?” ብለው ሲጠይቁ “ከሕያዋን” ይላል። አባቴ ካረፈ በኋላ ስሙን የምሰጠው እኔ ነኝ። አሁን ያሉት ቄስ ወጣት ናቸው። ባለፈው ዕድሜውን ጠየቁኝ፤ ከኔ በብዙ ይበልጣል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ሽበቴን ይዤ፣ ዱላዬን ጨብጬ ቆሜ ነበር።

“አባቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?” አሉኝ።

“ከሕያዋን ይበሉት” አልኳቸው።